ካኪ የለበሰው መጽሐፍ

የካቲት 3

አዲስ መጻሕፍት መጡ። አንድ ካርቶን ሙሉ። ፕላስተሩን በጥርሴ ነው የቀደድኩት፤ መቀስ እስክፈልግ ማን ይታገሣል? ሽታቸው! ሰው ሽቶ ይወዳል፣ እኔ የአዲስ ወረቀት ሽታ። ይሄን ጮክ ብዬ ብናገር «ምስኪን፣ ባል ብታገባ ይሻላት ነበር» ይሉኛል። ብለውኛልም።

የዚህ ወር የውይይት መጽሐፋችን «የማክሰኞ ተሳፋሪ» ነው። ሦስት ቅጂ መጥቷል። ከዚያው አሳታሚ ደግሞ «ሁለተኛው ወንበር» የሚባል አንድ ቅጂ። መጠኑ ያው፣ ውፍረቱ ያው፣ ሽፋኑም ያው ሰማያዊ። የቀሩት የልጆች ናቸው።

እንደ ወጉ የመጀመሪያውን ሥራ ሠራሁ፦ ደንቡን ለጠፍኩ። አሥራ ሁለት አንቀጽ ያለው፣ ራሴ ያረቀቅኩት የቤተ መጻሕፍት ደንብ። በምራቅ መግለጥ ክልክል ነው፣ ገጽ ማጠፍ ክልክል ነው፣ ምግብ እየበሉ… ወዘተ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው የምለጥፈው፤ ሌላ ቦታ ማን ያነበዋል? የኮሚቴው ሊቀመንበር፣ ባለመድኃኒት ቤቱ፣ ባለፈው «እህቴ፣ የመጽሐፉን ስም እኮ በኮላ ደፈንሽው» አለኝ። «ስሙ ካኪው ላይ አለ» አልኩት። ካኪ ወረቀት አለብሳቸዋለሁ፣ አቧራ እንዳይነካቸው። ይኼኛው ሥራዬ ለነገ።

የካቲት 4

አለበስኩ። መጀመሪያ ካኪውን ሁሉ ቆርጬ፣ ጀርባው ላይ ርዕሱን በቀይ ማርከር ጻፍኩ። የእጅ ጽሑፌን ያየ ሰው ማተሚያ ቤት የወጣ ይመስለዋል (ይሄን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ብሎት አያውቅም)። ከዚያ መጻሕፍቱን እያነሡ ማልበስ ነው። በመሐል ሊቀመንበሩ ደወለ። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሐል ወትፌ፣ እሱ ስለ ወሩ ፕሮግራም ሲያወራ፣ ታች ብረታ ብረት ቤቱ መዶሻውን ሲያንኳኳው፣ እኔ ሳለብስ፣ ሳጥፍ፣ በፕላስተር ሳሽግ… ሲዘጋው አራቱም አልቀዋል። ጎበዝ ነኝ።

የካቲት 7

ታላቅ ወንድሜን ጋሼን ከቤት ማስወጣት አለብኝ። ሚስቱ እትዬ ከሞተች ዓመት አለፋት። እኔ ጋ ከገባ ጀምሮ ከበር እልፍ ያለው ዳቦ ለመግዛት ብቻ ነው። ያበስላል (ከእኔ የተሻለ)፣ ያጥባል፣ ዝም ይላል። ስለ እሷ አንድ ቃል አይተነፍስም። ልጅ እያለሁ ማባዛት ያስጠናኝ የነበረው ወንድሜ… ዕድሜውን ሙሉ ሒሳብ ያስተማረ፣ መንገድ ላይ ጎልማሳ አስቁሞ «አንተ ከመስኮቱ ሥር ነበር የምትቀመጠው፣ ክፍልፋይ አይገባህም ነበር» የሚል ሰው። ትዝታው ኩራቱ ነው።

«የማክሰኞ ተሳፋሪ»ን አንዱን ቅጂ አመጣሁለት።

«ልብ ወለድ? ውሸት አላነብም።»

«ሳታነብ አትፍረድ፣ ጋሼ።»

ይሄን የምለው እኔ… እኔም አላነበብኩትም እኮ። ከማልበሴ በፊት ጀርባው ላይ ያለውን ማብራሪያ አይቻለሁ። ሽማግሌ አለ፣ ሚስት አለች፣ ትዳር አለ። ለአንድ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ይበቃል።

የካቲት 13

እያነበበ ነው! ሾርባው ቀዝቅዞበት አላየም። «እንዴት ነው?» ስለው «አትረብሺኝ» አለኝ። ከዓመት ወዲህ የሰማሁት ምርጥ ቃል።

የካቲት 21

ጋሼ መጽሐፉን መለሰ። ሌላ ሰውም እንዲደርሰው ከፕሮግራሙ አንድ ሳምንት ቀድሞ ይመለስ ይላል ደንቤ፤ በዓለም ላይ ደንቤን የሚያከብር ብቸኛ ፍጡር ወንድሜ ነው። ከውይይቱ አባላት ሁለተኛዋን ቅጂ ነርሷ፣ ሦስተኛዋን ጸጉር አስተካካዩ አንብበዋል። የጋሼን ሊቀመንበሩ ወሰዳት። «በሁለት ቀን እጨርሳታለሁ» አለ።

«ፕሮግራሙ ላይ እመጣለሁ» አለኝ ጋሼ ማታ፣ ድስቱን እያማሰለ። «የምናገረው አለኝ።»

ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። እንዳያየኝ።

የካቲት 27

ነገ ነው። አላነበብኩም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሰኞ ጣራው አፈሰሰ፣ ረቡዕ የልጆቹን መደርደሪያ ቀለም ቀባሁ፣ ዛሬ ደግሞ… ዛሬ ምንም የለኝም፤ ብቻ አላነበብኩም። ጥያቄዎቼ ግን ዝግጁ ናቸው። «ደራሲው ምን ሊሉን ፈልገው ነው?» «ከእኛ ኑሮ ጋር እንዴት ይያያዛል?» ለየትኛውም መጽሐፍ ይሆናሉ። ለስልክ ማውጫም ይሆናሉ።

የካቲት 28

እንዴት እንደምጽፈው…

ሰው ብዙ ነበር። ወንበር አነሰና ሁለት ሰዎች የልጆቹ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። እንደ ሁልጊዜው አብዛኛው ለማዳመጥ የመጣ ነው። ጋሼ ሸሚዝ ተኩሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ ፊት ወንበር ላይ። ደስታዬን ደብቄ ጥያቄዬን አነበብኩ።

ነርሷ ጀመረች። «እኔ በሴትዮዋ አልፈርድም። ትታው መሄዷ ልክ ነው። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ‹እንዴት ዋልሽ› ያላላት ሰው!»

ጋሼ ቀና አለ። «የት ሄደች?»

«በአውቶቡሱ ነዋ።»

«ሴትዮዋ እኮ ሞታለች።»

ሰዉ ተያየ። «ተሳስተዋል» ያለው ሰው ግን የለም። በዕድሜ ታላቅ ነው፣ መምህር ነው፣ በዚያ ላይ ሐዘንተኛ፤ ማን ይደፍራል? ጸጉር አስተካካዩ ጉሮሮውን ጠረገና «ልክ ነው… መሄድ ማለት በአንድ በኩል ሲያዩት መሞት ነው» አለ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔስ? እኔማ ብድግ አልኩ! ስለ ተምሳሌት አወራሁ። አውቶቡሱ የሬሳ ሣጥን ነው አልኩ። ማክሰኞ የዕድሜ ማምሻ ናት አልኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! አንድ ገጽ ካላነበብኩት መጽሐፍ! አጨበጨቡልኝ።

ጋሼ ግን ተምሳሌት አያውቅም። ለእሱ ሁለት ሲደመር ሁለት አራት ነው። «ምን አውቶቡስ? ቀብሯ እኮ ተጽፏል። ዝናብ እየዘነበ። ከቀብር ሲመለስ የእሷን ወንበር ከጠረጴዛው ሥር ይስብና ‹ተቀመጪ› ይላታል። ገጽ መቶ አሥር ላይ።»

ነርሷ መጽሐፏን ይዛ ነበር። ገለጠች። ገጽ መቶ አሥር ላይ ሽማግሌው ጫማውን እያስጠረገ ነው። ወደፊት ገለጠች፣ ወደኋላ ገለጠች። ቀብር የለም። በቀስታ ከደነችው፣ ሕፃን የተኛበት ክፍል በር እንደሚዘጋ።

ሊቀመንበሩ «የእኔን ቅጂ መድኃኒት ቤት ረስቼው መጣሁ እንጂ…» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «መምህር፣ ሐዘን ሲጠና እኮ ሰው የራሱን ነገር…» አልጨረሰውም።

ሁሉም አዘኑለት። እኔም በዚያው ዓይን አየሁት። እትዬን እያሰበ መጽሐፉ ውስጥ ቀብሯት ነው፣ አልኩ በልቤ።

ጋሼ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «ተሳስቼ ይሆናል» አለ።

ወንድሜ ይሄን ሲል ሰምቼ አላውቅም።

የካቲት 29

«የነርሷን መጽሐፍ ላምጣልህና እየው?» አልኩት።

«ተይው።»

«አይተህ ብታረጋግጥ…»

«ከሌለስ?»

መጋቢት 4

ማብሰል ተወ። «እሳት ላይ ጥጄ ብረሳስ?» አለ። ስለዚህ የማበስለው እኔ ነኝ፤ ይሄ ራሱን የቻለ ቅጣት ነው፣ ለሁለታችንም። የቤት ቁልፉንም ሰጠኝ። «አንቺ ጋ ይሁን።» ዳቦውን ማን ይገዛል? አልጠየቅኩትም።

መጋቢት 9

ነርሷ መጣች። ሐኪም ቤት ቀጠሮ አስይዛለታለች፣ ለአእምሮ ሐኪም፤ ለመጋቢት 20። «ገና ሲጀምር ነው መያዝ ያለበት» አለችኝ በጆሮዬ። ደግ ሴት ናት። ሻይ ሰጠኋት። ሁለታችንም ስለ እሱ እንደሌለ ሰው አወራን፤ እሱ ግን እዚያው ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

መጋቢት 12

ጠዋት ከበሩ ኋላ ድምፁን ሰማሁ። የተማሪዎቹን ስም እየጠራ ነው። በየረድፋቸው። ሲያቆም እንደገና ከመጀመሪያው… አንዱ ስም ላይ ተደናቀፈ መሰለኝ። ዝም አለ። ብዙ ጠበቅኩ። አልቀጠለም።

በሩን ላንኳኳ እጄን አነሣሁ፤ ምን ልለው? ወደ ሥራ ሄድኩ።

መጋቢት 17

ዛሬስ አፈር ልብላ።

ከምሳ በኋላ ጸጉር አስተካካዩ «ሁለተኛው ወንበር»ን ይዞ መጣ። ትናንት ነው የወሰደው። «እህቴ፣ ይቺን አንብቤያታለሁ። ያቺው የአውቶቡሷ ናት፤ ካኪዋ ነው የተለወጠው።»

«አይሆንም» አልኩት። እኔ ያለበስኩት ሊሳሳት? በኩራት ነው የፕላስተሩን እሽግ የቀደድኩት። ካኪውን ገፈፍኩ። ሰማያዊው ሽፋን ላይ በትልቁ፦ የማክሰኞ ተሳፋሪ።

ክው አልኩ። ይሄ እዚህ ካለ፣ ያኛው የት ነው? ያኛው ምን ለብሶ ነው? ማን ነው ያነበበው?

መቼም ሳላውቀው ወደ መድኃኒት ቤቱ ሮጫለሁ፤ የቤተ መጻሕፍቱን በር እንኳ አልዘጋሁም። ሊቀመንበሩ መጽሐፉን ከሚዛኑ ሥር ሳበልኝ። ሚዛኑ ስለሚንጋደድ ደግፎበት ነበር! «ልጨርሳት ትንሽ ነው የቀረኝ» አለ። ሲወስደው ያሰርኩበት ላስቲክ ገና አልተፈታም፤ ገልጦትም አያውቅ። ገጽ መቶ አሥር… ዝናብ። ቀብር። ወንበር። «ተቀመጪ።»

እዚያው ባንኮኒው ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። ሊቀመንበሩ የልብ ማስታገሻ ሊሰጠኝ ፈለገ።

መጀመሪያ የመጣብኝን ሐሳብ እዚህ እጽፈዋለሁ፣ ሌላ ቦታ አልጽፈውምና፦ ማታ ካኪውን ለውጬ ዝም ብል ማን ያውቃል? ጸጉር አስተካካዩን «አሳታሚው ነው የተሳሳተው» እለዋለሁ… እስከ አደባባዩ ድረስ ይሄን እያሰብኩ ሄድኩ። ከዚያ ጋሼ ያቺን ስም ሲያጣት ዝም ያለው ዝምታ ትዝ አለኝ።

ቤት ስገባ መስኮቱ አጠገብ ነበር። መጽሐፉን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩት። «አንተ አይደለህም። እኔ ነኝ። ካኪውን አቀያይሬው ነው። አንተ ያነበብከው ሌላ መጽሐፍ ነው፣ ጋሼ።» በአንድ ትንፋሽ።

ገጹን ሳይፈልግ ከፈተው። በጣቱ እየተከተለ አነበበ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ። ዘጋው። እንደገና ከፈተና አነበበ።

ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር። ይቅር ይለኛል፣ እንተቃቀፋለን… በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

«እኔ ሴትዮዋ ሞታለች ስል» አለ ቀስ ብሎ፣ «አንቺ ተነሥተሽ ስለ አውቶቡስ አብራርተሻል።»

«አዎ።»

«አላነበብሽውም።»

«አላነበብኩትም።»

«አንዱንም?»

«አንዱንም።»

ብታነቢው ኖሮ አላለኝም። አላስፈለገውም። አንድ ገጽ አንብቤ ቢሆን ያን ዕለት፣ እዚያው፣ «ጋሼ፣ ሌላ መጽሐፍ ነው የያዝከው» ብዬ ስቀን እንለያይ ነበር። ሦስት ሳምንት ገደማ ራሱን እንዲፈራ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ካኪው አይደለም።

«ለነርሷ ነግሬ ቀጠሮውን…» ስል እጁን አነሣ።

«ያበድኩት በሰው ፊት ነው» አለ። «የዳንኩትም በሰው ፊት ይሁን።»

መጋቢት 18

አያናግረኝም። ግን ምሳ እሱ ሠራ። ማኩረፉም ለእኔ ጠቅሞኛል፤ ቢያንስ የሚበላ ነገር በላሁ።

መጋቢት 19

ደንቡን ከመጻሕፍቱ ላይ ልልጥ ሞከርኩ። በሙቅ ውኃ፣ በቢላ፣ በጥፍር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ዛሬ ሁለቱም እዚህ ክፍል ውስጥ ተገናኝተዋል። የመጀመሪያውን ገጽ ይዞት ይመጣል እንጂ አይላቀቅም። አንዱን ቀደድኩት። በራሴ ደንብ አንቀጽ ሦስት መሠረት አንድ ወር መዋስ ተከልክያለሁ።

መጋቢት 24

«ሁለተኛው ወንበር»ን ጨረስኩ። ከዳር እስከ ዳር። ትናንት «የማክሰኞ ተሳፋሪ»ን። ሁለቱም ውስጥ ሰዎቹ ስም የላቸውም፤ «ሽማግሌው»፣ «ሴትዮዋ» ነው የሚሏቸው። ዘመናዊ ነን ብለው ነው መሰለኝ። ስም ቢያወጡላቸው ኖሮ እኔም ከዚህ ሁሉ ውርደት እተርፍ ነበር! (አየሽ? አሁንም ሰበብ እየፈለግሽ ነው።)

የቀብሩ ገጽ ላይ ስደርስ አቆምኩ። እትዬ ጋሼ አጠገብ የምትቀመጥበት ወንበር የት እንደገባ አላውቅም። አንድም ቀን አልጠየቅኩትም። ከቤት ውጣ፣ ከቤት ውጣ ስለው ነው ዓመቱን የጨረስኩት።

መጋቢት 26

ፕሮግራሙ ነበር። የመጣው ሰው ካለፈው ይበዛል፤ ጸጉር አስተካካዩ ደንበኞቹን እየላጨ ሳያወራ ይቀራል? ጋሼ ከኋላ ተቀመጠ፣ በሩ አጠገብ። ሸሚዙ አልተተኮሰም።

ንግግሬን አጥንቼ ነበር። «በአንዳንድ የአሠራር ክፍተቶች ምክንያት…» ብዬ ጀመርኩ። ጋሼ በጉልበቱ ላይ የነበሩትን እጆቹን ሲያነሣ አየሁ። ሊወጣ ነው።

«ካኪውን አቀያየርኩት» አልኩ። «መምህሩ ያነበበው ‹ሁለተኛው ወንበር›ን ነው። ቀብሩ አለ። ዝናቡም አለ። ገጽ መቶ አሥር፣ እሱ ባለው ቦታ። የተናገረው በሙሉ ትክክል ነበር።»

መጀመሪያ ሳቅ ሆነ። ነርሷ ግን አልሳቀችም፤ አፏን በእጇ ያዘች። ሳቁ ደስ አለኝ፣ ልቀመጥም ነበር… ሰው ሲስቅልህ ይቅር ያለህ ይመስላል። አልተቀመጥኩም።

«ደግሞ እኔ ሁለቱንም አላነበብኳቸውም ነበር። አውቶቡሱ የሬሳ ሣጥን ነው ያልኳችሁ ከራሴ ነው። የወንድሜን አእምሮ የተጠራጠርኩት ሥራዬን ስላልሠራሁ ነው።»

አሁን ማንም አልሳቀም። ሊቀመንበሩ ብድግ አለ፤ ከሥራ ሊያባርረኝ ነው አልኩ። «እኔም አላነበብኩም» አለ። «ሚዛን ደግፌበት ነበር።» ተቀመጠ። ምስኪን፣ ጆሮው እስኪቀላ!

ነርሷ ወደ ኋላ ሄዳ ጋሼ ፊት ቆመች። «መምህር፣ እኔ ለሐኪም ሁሉ…»

«ሄጃለሁ» አለ ጋሼ። «ቀጠሮ ቀጠሮ ነው። አንድ መቶን በሰባት በሰባት እየቀነስክ ውረድ አለኝ ልጁ። እሱ ከእኔ ኋላ ቀረ።»

ያኔ ሳቁ እንዴት ያለ ሳቅ ነበር!

ወደ ፊት ና አሉት። መጣ። ባለፈው ወር ሊናገረው የነበረውን ይናገራል ብለን ጠበቅን፤ ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ወንበሩ። ሰውየው ባዶ ወንበር ማናገሩ እብደት አይደለም አለ፤ ለረጅም ጊዜ የነበረ ሰው ከቤት ቢወጣም ቦታው ቶሎ አይወጣም። ጨረሰ ብዬ ላመሰግነው ስነሣ ቀጠለ።

«ፈተና አርሞ ሲደምር አጠገቡ ትቀመጥ ነበር» አለ። «ደምሮ ሲጨርስ ‹እርግጠኛ ነህ?› ትለዋለች። ሁልጊዜ። አንድ ቀን ስህተት አግኝታበት አታውቅም፤ ግን ትጠይቀዋለች። እሱም ‹አዎ› ይላታል። ይሄው ነበር ጨዋታቸው። አሁን የሚጠይቀው የለም። ለዚህ ነው ሰዎች ሲጠራጠሩት ቶሎ ያመናቸው። እሷ ብትኖርና ‹እርግጠኛ ነህ?› ብትለው ኖሮ ‹አዎ› ይላት ነበር።»

ሊቀመንበሩ መጽሐፉን ይዞ እየገለጠ ነበር፤ ዛሬ ከሁሉም በላይ ትጉ ተማሪ እሱ ነው። ወደፊት ገለጠ፣ ወደኋላ ገለጠ። እየፈራ፦ «መምህር… ይቅርታ… ይሄኛው ስንተኛ ገጽ ላይ ነው?»

«ይሄኛው መጽሐፉ ላይ የለም» አለ ጋሼ። «ይሄ የእኔ ነው።»